አበልና ኪራይ፦ የወታደር ቤተሰብ መጠለያ በአዋሽና በሰመራ

(በፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መድረክ የቀረበና ለንባብ እንዲመች በመጠኑ የተስተካከለ)



የዛሬው ርእሰ ጉዳያችን በኢኮኖሚክስ መማሪያ መጻሕፍት ውስጥ ሰፊ ቦታ የተሰጠው አይደለም። ነገር ግን በአዋሽ ሸለቆ ከተሞች በየወሩ መጨረሻ በየግቢው የሚነሣ ጉዳይ ነው። ጥያቄው በአጭሩ ይህ ነው፤ መንግሥት አንድን ሰው «እዚህ ሂድና አገልግል» ብሎ ሲያዝዘው፣ በታዘዘበት ስፍራ የሚኖርበትን ቤት ዋጋ ማን ይከፍላል? በገንዘብ የሚከፈል ከሆነስ ልኩ በምን ይመተር?

ጥያቄውን በወታደሩ በኩል ለማየት የመረጥሁት በምክንያት ነው። መምህርም ሆነ ነርስ ወይም የጉምሩክ ሠራተኛ የተመደበበት ቦታ ኑሮ ካልተስማማው፣ ዋጋ ከፍሎም ቢሆን ሥራውን ሊለቅ ይችላል። ወታደር ግን በቃለ መሐላ የታሰረ ነው። የቦታ ምርጫ የለውም። በገበያ ሕግ ስንናገር ተከራይ ቤት ሲወደድበት ወደ ረከሰበት ይሄዳል እንላለን። ወታደሩ ግን ኪራይ ተወደደ ብሎ ከሰመራ ወደ ኮምቦልቻ ሊሄድ አይችልም። ስለዚህ የቤት አበል ጉዳይ በእርሱ ላይ ሲታይ እንደ መስታወት የጠራ ይሆናል።

ሰፈርና ማደሪያ

ከታሪክ እንጀምር። በአገራችን የወታደር መጠለያ ጥያቄ አዲስ አይደለም፤ ቋንቋችን ራሱ ይመሰክራል። ዛሬ «ሰፈር» የምንለው ቃል የሠራዊት ማረፊያን የሚያመለክት ነበር። የአዲስ አበባ ነባር ሰፈሮች ብዙዎቹ በመኳንንትና በጦር አለቆች ስም የተጠሩት፣ አለቃው በተሰጠው ጉብታ ላይ ሲሠፍር ጭፍራው በዙሪያው ጎጆውን ይቀልስ ስለ ነበር ነው። በደመወዝ ፈንታ ለባለ ሥልጣንና ለወታደር የሚሰጠው መሬት ደግሞ «ማደሪያ» ይባል ነበር። ማደሪያ ማለት በቀጥታ ሲተረጎም የሚታደርበት ቦታ ነው። መተዳደሪያና ማደሪያ በአንድ ሥር የተሳሰሩ ቃላት መሆናቸውን ልብ በሉ።

በዘመቻ ጊዜ ግን ሠራዊቱ በየደረሰበት በገበሬው ቤት ይመራ ነበር። ገበሬው አልጋውን ለቅቆ፣ እህሉን አካፍሎ፣ በሬውን አርዶ ያስተናግድ ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በ1885 ዓ.ም. ገደማ አሥራት እንዲከፈልና ወታደር በገበሬው ቤት ገብቶ መቀለቡ እንዲቀር ያወጡት ድንጋጌ በዚህ ረገድ ትልቅ ትርጉም አለው። የድንጋጌው ሐሳብ በዛሬ ቋንቋ ሲገለጽ እንዲህ ይሆናል፤ የወታደሩ መጠለያና ቀለብ ወጪ ሠራዊቱ በደረሰበት አካባቢ ነዋሪ ላይ ብቻ መውደቅ የለበትም፤ በግብር አማካይነት በመላው ሕዝብ ሊከፈል ይገባል። አፈጻጸሙ የቱንም ያህል ጉድለት ቢኖርበት፣ መርሁ ዛሬም የምንፈልገው መርህ ነው። ወደ ንግግሬ መጨረሻ እመለስበታለሁ።

ከዚያ በኋላ በደመወዝ የሚተዳደር ዘመናዊ ጦር ሲቋቋም የጦር ሰፈርና ካምፕ መጣ። ካምፕ ደግሞ የራሱ ጥያቄ ነበረው። በጥር 1966 ዓ.ም. የነገሌ ቦረና ወታደሮች ያመፁት ስለ ርዕዮተ ዓለም አልነበረም፤ ስለ ምግብና ስለ ውኃ ነበር። ከዚያም ጥያቄው ወደ ደመወዝና ወደ ኑሮ ሁኔታ ሰፋ። በወራት ውስጥ የዘውዱ ሥርዓት ተናጋ። የታሪክ ተማሪዎች እንደምታውቁት ለአብዮቱ መንሥኤዎቹ ብዙ ናቸው። ሆኖም ሩቅና ሞቃት በሆነ ምድብ ላይ ያለ ተራ ወታደር የኑሮ ጥያቄ እንደ ቀላል የሚታይ የበጀት መስመር አለመሆኑን ያ ክሥተት አስተምሮናል።

ቤት የሠሩ አሠሪዎች

ወደ አዋሽ ሸለቆ እንምጣ። አንድ አሠሪ ሠራተኛውን የሚያስጠልልበት መንገድ ሦስት ነው። ቤት ሠርቶ ይሰጠዋል፤ ወይም ለኪራይ የሚሆን ገንዘብ ይሰጠዋል፤ ወይም ጉዳዩን ለራሱ ይተውለታል። በዚህ ሸለቆ ላይ ቀደምት ትልልቅ አሠሪዎች የመረጡት የመጀመሪያውን ነበር።

የአዋሽ ሰባት ኪሎ ከተማ የተቆረቆረችው በምድር ባቡር ነው። ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰው ሐዲድ በመንገዱ ላይ ጣቢያና ማረፊያ፣ ለሠራተኞቹም መኖሪያ ቤት እየሠራ ነበር የመጣው። ከዚያም የአዋሽ ሸለቆ ባለ ሥልጣን በ1954 ዓ.ም. ተቋቁሞ የመስኖ እርሻ ሲስፋፋ፣ በመካከለኛው አዋሽ በመልካ ወረርና በአሚባራ፣ በታችኛው አዋሽ ደግሞ በተንዳሆ የጥጥ እርሻዎች የሠራተኛ ካምፖች ተሠሩ። የስኳር ፕሮጀክቶችም ከዚያ በኋላ ሲመጡ መንደሮችን ይዘው መጡ። በአዋሽ አርባ ያለው የጦር ካምፕም የዚሁ ልማድ ተከታይ ነው።

እነዚህ አሠሪዎች ቤት የሠሩት ለጋሶች ስለ ነበሩ አይደለም። በቆላው ምድር ለመጤ ሠራተኛ የሚከራይ ቤት ስላልነበረ ነው። የአፋር አርብቶ አደር ቤት በአፋርኛ «ዓሪ» የሚባለው፣ ሴቶች ከቅስት እንጨትና ከዘንባባ ሰሌን የሚሠሩት፣ ነቅለው በግመል ጭነው የሚሄዱበት ጎጆ ነው። ቤቱ ከባለቤቱ ጋር ይዘዋወራል። ለአካባቢው አየርና ለኑሮው ዘይቤ የተስማማ ጥበብ ነው፤ የኪራይ ሸቀጥ ግን አይደለም። ስለዚህ በሸለቆው የቤት ኪራይ ገበያ የሚባለው ነገር ከመንገዱ፣ ከባቡሩና ከመሥሪያ ቤቶች ጋር አብሮ የመጣ፣ ዕድሜው አጭር፣ መሠረቱም ስስ የሆነ ገበያ ነው።

የሁለቱ ከተሞች ገበያ

አዋሽ ከአዲስ አበባ ከ220 ኪሎ ሜትር በላይ፣ ሰመራ ደግሞ ወደ 600 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ርቀት ላይ ናቸው። ሁለቱም የአገሪቱ የገቢና የወጪ ንግድ እጅግ አብዛኛው ክፍል የሚያልፍበት የጅቡቲ መሥመር ላይ ይገኛሉ። የመሥመሩ ደኅንነት ለአገሪቱ የኅልውና ጉዳይ በመሆኑ የሠራዊትና የፌዴራል ፖሊስ አባላት በዚህ መሥመር መመደባቸው አይቀሬ ነው።

ሰመራ የተፀነሰችው እንደ አስተዳደር ከተማ ነው። የክልሉ መቀመጫ ከጥንታዊቷ አሳይታ ወደዚህ ሲዛወር በሜዳው ላይ መጀመሪያ የቆሙት ቢሮዎች ነበሩ። ዩኒቨርሲቲው በ2000 ዓ.ም. ማስተማር ሲጀምር መምህራንና የአስተዳደር ሠራተኞች መጡ። የአውሮፕላን ማረፊያው፣ ባንኮቹ፣ የፌዴራል ቅርንጫፍ መሥሪያ ቤቶች ተከተሉ። ጎረቤቷ ሎግያ ደግሞ የከባድ መኪና ሾፌሮች ማረፊያና የንግድ ከተማ በመሆኗ የሰመራን ትርፍ ተከራይ ስትቀበል ቆይታለች። በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ በአብዓላ በኩል ወደ መቐለ የሚጓዘው የርዳታ እህል መነሻ ሰመራ ስለ ነበረች፣ የርዳታ ድርጅቶች ሠራተኞችና ሾፌሮችም በዚያው ቤት ፈላጊ ሆኑ።

በአዋሽ በኩል ያለው ሁኔታ ትንሽ ይለያል። ነባር ከተማ ናት፤ ቤቶቿም ከሰመራ ይልቅ ያረጁ ናቸው። ነገር ግን አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር በዚያው ያልፋል፤ ወደ ኮምቦልቻና ሐራ ገበያ የሚዘረጋው ሐዲድ የሚነሣውም ከዚያ ነው። ግንባታ በመጣ ቁጥር ሥራ ተቋራጮች ለሠራተኞቻቸው ግቢ በሙሉ ይከራያሉ። በ2017 ዓ.ም. የመጀመሪያ ወራት ደግሞ በፈንታሌ ተራራ ዙሪያ በተከታታይ በደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ ቤቶች ተሰነጠቁ፤ በአፋርና በኦሮሚያ አዋሳኝ ወረዳዎች በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከመኖሪያቸው ተነሡ። ቤት ሲቀንስና ቤት ፈላጊ ሲበዛ የኪራዩ አቅጣጫ ወዴት እንደሚሆን ለማንም ግልጽ ነው።

ከዚህ የምናገኘው ቁም ነገር የሚከተለው ነው። የአንድ ከተማ ኪራይ የሚወሰነው በከተማዋ ስፋት ወይም በሕዝቧ ብዛት ብቻ አይደለም። ደመወዝ ይዘው በትእዛዝ የሚመጡ ሰዎች ቁጥር ከሚከራዩ ቤቶች ቁጥር ጋር ያለው ሚዛን ይወስነዋል። ሰመራ ትንሽ ከተማ ናት፤ ነገር ግን የነዋሪዋ ሰፊ ክፍል መጤና ደመወዝተኛ ነው። በሌላ በኩል ከእርስዋ ብዙ ዕጥፍ የሚሰፋ የደጋ ከተማ ነዋሪው ባብዛኛው የራሱ ወይም የቤተሰቡ ቤት ያለው ሊሆን ይችላል። ትንሽነት ርካሽነት ማለት አይደለም።

ቤት ማለት ግድግዳ ብቻ አይደለም

የአበል ሠንጠረዥ የሚያወጣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ደጋ ላይ ሆኖ ነው የሚያወጣው። ደጋ ላይ ቤት ማለት ግድግዳና ጣራ ነው። ቆላ ላይ ግን ቤት ማለት ግድግዳ፣ ጣራና ነፋስ ነው። በሰመራ በሞቃቱ ወራት፣ ማለትም ከግንቦት እስከ መስከረም፣ የቀኑ ሙቀት ከ40 ዲግሪ በላይ ይዘልቃል። በቆርቆሮ የተከደነና በብሎኬት የተገነባ አንድ ክፍል ቀን የጠጣውን ሙቀት ሌሊት ይተፋል። ማራገቢያ በዚያ ቤት የምቾት ዕቃ አይደለም፤ ሕፃን እንዲተኛ የሚያስፈልግ መሣሪያ ነው።

እዚህ ላይ ብዙም የማይስተዋል ነገር አለ። የመኖሪያ ቤት የኤሌክትሪክ ታሪፍ በአገራችን በእርከን የተከፋፈለ ነው፤ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር የአንዱ ኪሎ ዋት ሰዓት ዋጋም ይጨምራል። ታሪፉም ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ደረጃ በደረጃ ከፍ እንዲል ተደርጓል። የእርከኑ ዓላማ ዝቅተኛ ተጠቃሚውን መደጎም ነው። ነገር ግን በአንድ ግቢ ውስጥ አምስትና ስድስት ተከራዮች በአንድ ቆጣሪ ሲጠቀሙ ምን ይሆናል? እያንዳንዳቸው ለብቻቸው ቢለኩ በዝቅተኛው እርከን የሚቀመጡ ቤተሰቦች፣ ፍጆታቸው ተደምሮ በከፍተኛው እርከን ይሰላባቸዋል። ለድኻ የታሰበው ድጎማ በግቢው በር ላይ ይቀራል። ውኃም እንዲሁ ነው፤ ቧንቧው በማይመጣበት ቀን በጀሪካን ወይም በቦቴ ይገዛል። ስለዚህ በቆላ ከተማ «ኪራይ» ስንል የክፍሉን ዋጋ ብቻ ከቆጠርን ከወጪው ጉልህ ድርሻ ያለውን ክፍል ዘንግተናል ማለት ነው።

ለአንድ ዓይነት አበል የተለያየ ከተማ

አሁን ወደ ስሌቱ እንግባ። የምጠቀምባቸው ቁጥሮች ነገሩን ለማስረዳት የተወሰዱ የሰሌዳ ቁጥሮች ናቸው፤ የየትኛውም ተቋም የክፍያ ሠንጠረዥ አይደሉም።

በካምፕ ውስጥ የሚያድር፣ ቀለብና ልብስ የሚቀርብለት ላጤ ወታደር የኪራይ ጥያቄ የለበትም። ጥያቄው የሚመጣው ሲያገባና ሲወልድ ነው። እንግዲህ አንድ ባለ ትዳር የሃምሳ አለቃ እናስብ። ወርኃዊ ደመወዙ 10,000 ብር፣ የቤት አበሉ 2,000 ብር ይሁን። በመጀመሪያው ምድቡ ለቤተሰቡ የሚበቃ ቤት 3,000 ብር ይከራይ ነበር። ከደመወዙ የሚጨምረው 1,000 ብር ነው፤ ከመቶ አሥር። ከዚያ ቤቱ 5,000 ብር ወደሚከራይበት ከተማ ተዛወረ። አበሉ ያው 2,000 ብር ነው። አሁን ከደመወዙ 3,000 ብር ይጨምራል፤ ከመቶ ሠላሳ። ማዕርጉ አልተለወጠም፤ ሥራው ምናልባት ከብዷል እንጂ አልቀለለም። ነገር ግን በአንዲት የዝውውር ደብዳቤ ደመወዙ በ2,000 ብር ተቀንሷል። ማንም የደመወዝ ቅነሳ አልወሰነበትም፤ ሆኖም ተቀንሷል።

ሁለተኛው ችግር ጊዜ ነው። ያ 5,000 ብር ኪራይ በየዓመቱ በመቶ 20 ቢጨምር ከሦስት ዓመት በኋላ 8,640 ብር ይደርሳል። በቁርጥ ገንዘብ የተወሰነው አበል ግን 2,000 ብር እንደ ሆነ ይቀራል። በመጀመሪያ የኪራዩን 40 በመቶ ይሸፍን የነበረ አበል በሦስት ዓመት ውስጥ 23 በመቶ ብቻ ይሸፍናል። በቁርጥ የተጻፈ አበል በዋጋ ንረት ዘመን እንደ በረዶ ነው፤ ማንም ሳይነካው ይቀልጣል።

«እንግዲያውስ አበሉ ከደመወዝ በመቶኛ ይሰላ» የሚል ሐሳብ ሊነሣ ይችላል። ይህ የጊዜውን ችግር በከፊል ያቃልላል፤ ሌላ ችግር ግን ይወልዳል። 20 በመቶ ቢሆን፣ 8,000 ብር ደመወዝ ያለው 1,600 ብር፣ 20,000 ብር ደመወዝ ያለው ደግሞ 4,000 ብር ያገኛል። አከራይ ግን ማዕርግ አይጠይቅም። አራት ልጆች ያሉት አሥር አለቃ ልጅ ከሌለው ሻለቃ የበለጠ ክፍል ያስፈልገዋል። የቤት ፍላጎት የሚያድገው በትከሻ ላይ ባለው ምልክት ሳይሆን በማዕድ ዙሪያ በሚቀመጡት ሰዎች ቁጥር ነው።

የዚህ ሁሉ ውጤት በቤተሰብ ላይ ይታያል። ብዙው ሰው የሚመርጠው መፍትሔ ሚስትና ልጆችን በወላጆች ዘንድ ወይም በቀድሞው ምድብ መተው ነው። አባት በሰመራ፣ እናትና ልጆች በሌላ ከተማ ይኖራሉ፤ አንዱ ደመወዝ ሁለት ቤት ይመግባል። ኪራዩን ለመሸሽ የተደረገው መለያየት ራሱ የትራንስፖርትና የሁለት ጓዳ ወጪ ያመጣል። ልጆች ከአባታቸው ጋር የሚያሳልፉት ጊዜ ግን በየትኛውም ሠንጠረዥ ላይ አይጻፍም።

የሌሎች አገሮች ልምድ

ይህን ችግር የተጋፈጥነው እኛ ብቻ አይደለንም። ሁለት የተለያዩ ሥርዓቶችን እንመልከት።

በአሜሪካ ከእ.ኤ.አ. 1998 ጀምሮ የሚሠራበት የወታደር የቤት አበል በሦስት ነገሮች ይወሰናል፤ በማዕርግ፣ ጥገኛ ቤተሰብ በመኖሩና በምድብ ቦታ። አገሪቱ ወደ 300 በሚጠጉ የወታደር ቤት አካባቢዎች ተከፋፍላ በየዓመቱ የየአካባቢው ኪራይ ይጠናል። ስሌቱ የመብራትና የውኃን ወጪ ይጨምራል። ከእ.ኤ.አ. 2019 ወዲህ አበሉ ከተጠናው ወጪ 95 በመቶውን እንዲሸፍን፣ 5 በመቶው በአባሉ እንዲሸፈን ተደርጓል። ለእኛ ትምህርት የሚሆነው የገንዘቡ ብዛት አይደለም፤ ያን የሚሸከም በጀት የለንም። ትምህርቱ አበሉ ከቦታው ጋር መታሰሩና በየዓመቱ መታደሱ ነው።

ሕንድ የተከተለችው መንገድ ቀለል ያለ ነው። ከተሞች በሕዝብ ብዛት በሦስት ምድብ ይከፈላሉ፤ 5 ሚሊዮንና ከዚያ በላይ፣ ከ500 ሺህ እስከ 5 ሚሊዮን፣ ከ500 ሺህ በታች። ከእ.ኤ.አ. 2017 በተጀመረው ሠንጠረዥ የቤት አበሉ እንደ ቅደም ተከተላቸው ከመነሻ ደመወዝ 24፣ 16 እና 8 በመቶ ሆኖ ተወሰነ። የኑሮ ውድነት ማካካሻው ከፍ ሲል አበሉም ደረጃ በደረጃ እስከ 30፣ 20 እና 10 በመቶ እንዲያድግ አስቀድሞ ተደነገገ። ጥሩ ጎኑ ዋጋ ሲንር በራሱ መታደሱ ነው። ደካማ ጎኑን ግን እናንተ ቀድማችሁ ሳታዩት አትቀሩም፤ በዚህ ሥርዓት ሰመራ የምትመደበው በመጨረሻው ምድብ ነው። ከተማን በሕዝብ ብዛት መመተር ትንሽና ውድ የሆነን ከተማ አያይም። ሆኖም ሕንድ ሌላ ልንማርበት የሚገባ አሠራር አላት፤ በግንባር አካባቢ የተመደበ ወታደር ቤተሰቡ በመረጠው ቦታ ሊኖርና የቤት አበሉም በዚያው ቦታ ልክ ሊሰላለት ይችላል። የተለያየ ቤተሰብ እንዳለ አምኖ የሚቀበል ሕግ ነው።

ገንዘቡ በማን ኪስ ይቀራል?

እስካሁን የተናገርሁት ሁሉ «አበሉ ይጨመር» ወደሚል መደምደሚያ የሚወስድ ይመስላል። ነገሩ ግን እንዲህ ቀላል አይደለም።

ፈረንሳይ በ1990ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) የቤት ድጎማን ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ቤተሰቦች ሁሉ አስፋፋች። ገብሪኤል ፋክ የተባለችው ኢኮኖሚስት እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተመችው ጥናት፣ ከተጨመረው እያንዳንዱ አንድ ዩሮ ድጎማ 78 ሳንቲሙ በኪራይ ጭማሪ ወደ አከራዮች መሄዱን አሳየች። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የቤቱ ብዛት በአጭር ጊዜ አይጨምርም። አሥር ቤት ለአሥራ አምስት ፈላጊ ሲቀርብ፣ ለአሥራ አምስቱም ገንዘብ ብትጨምሩ ቤቱ አሥር እንደ ሆነ ይቀራል። የሚለወጠው ዋጋው ብቻ ነው።

በፓሪስ እንዲህ ከሆነ ብሎኬቱና ሲሚንቶው በመኪና ተጭኖ በሚመጣበት በሰመራ እንዴት ይሆን? የመንግሥት ሠራተኞች ደመወዝ በ2018 ዓ.ም. መጀመሪያ ሲሻሻል የዲግሪ ምሩቅ መነሻ ከ6,940 ብር ወደ 11,500 ብር ከፍ ብሏል። ይህን ዜና ሠራተኛውም አከራዩም እኩል ነው የሚሰሙት። በአገራችን ከተሞች ሁሉ የደመወዝ ጭማሪ ወሬ በተሰማ ማግሥት የኪራይ ጭማሪ ጥያቄ መምጣቱ የታወቀ ነው። ከዚህም በላይ አበል የሌለው ሰው አለ። በሎግያ ሻይ የምትሸጥ እናት፣ ከገጠር ወደ ከተማ የገባ የአፋር ወጣት፣ በአዋሽ ጣቢያ ጫና ማራገፍ የሚሠራ የቀን ሠራተኛ፣ ሁሉም በዚሁ ገበያ ይከራያሉ። ለባለ አበሉ የተጨመረው ገንዘብ ኪራዩን ሲያንረው የእነርሱን ወጪ ይጨምራል፤ የሚተካላቸው ግን የለም።

እንግዲህ በመግቢያዬ ወደ ጠቀስሁት የምኒልክ ዘመን ድንጋጌ የምመለሰው እዚህ ላይ ነው። ያ ድንጋጌ የወታደሩ መጠለያ ሸክም በደረሰበት አካባቢ ነዋሪ ላይ እንዳይወድቅ የሚል ነበር። ዛሬ ማንም ወታደር በገበሬ ቤት ገብቶ አልጋ አያስለቅቅም። ነገር ግን ቤት ሳይሠራ ገንዘብ ብቻ ወደ ጠባብ ገበያ ሲፈስ፣ የአካባቢው ድኻ በዋጋ በኩል ከቤቱ ይገፋል። ሸክሙ መልኩን ለወጠ እንጂ ከጫንቃው አልወረደም።

ሕጉ የሚሰጠውና የማይሰጠው

የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ለዚህ ጉዳይ ጠቃሚ መሣሪያዎችን ይዟል። የኪራይ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ፣ የውሉ ዘመን ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ፣ ጭማሪም ተቆጣጣሪው አካል በሚወስነው መሠረት በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ እንዲሆን ይደነግጋል። በአንድ ጊዜ የስድስት ወር ቅድሚያ ለሚጠየቅ ተዛዋሪ ቤተሰብ የሁለት ወሩ ገደብ ብቻውን ትልቅ እፎይታ ነው።

ለተመራማሪዎች ደግሞ አዋጁ ሌላ ጥቅም አለው። ውል ከተመዘገበ ኪራይ ይታወቃል። ኪራይ ከታወቀ አበል በግምት ሳይሆን በመረጃ ሊወሰን ይችላል። ይህ የሚሆነው ግን ምዝገባው በአዲስ አበባ ብቻ ሳይወሰን እንደ ሰመራና አዋሽ ባሉ ከተሞች ሲተገበር ነው። የዋጋ ቁጥጥር ደግሞ ቤት አይሠራም። የነገው ቤት ሠሪ ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት የሚያስበው ኪራዩን ነውና፣ ቁጥጥሩ ከአዳዲስ ግንባታ ማበረታቻ ጋር ካልተጣመረ ዛሬ ያለውን ተከራይ ጠብቆ ነገ የሚመጣውን ሜዳ ላይ ይተወዋል።

ምን ይደረግ?

ከዚህ ሁሉ ተነሥቼ አራት ሐሳቦችን ለውይይት አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ የቤት አበል ከማዕርግ ይልቅ ከቦታና ከቤተሰብ ብዛት ጋር ይታሰር። በእያንዳንዱ ምድብ ከተማ ለአንድ ቤተሰብ የሚበቃ መጠነኛ ቤት ኪራይ በየዓመቱ ይጠና፤ አበሉም የዚያ ኪራይ የተወሰነ መቶኛ ይሁን። መቶኛው በጀት የሚፈቅደው ያህል ዝቅ ሊል ይችላል። ዋናው ነገር በሁሉም ከተማ አንድ ዓይነት መሆኑ ነው፤ ያን ጊዜ የዝውውር ደብዳቤ የደመወዝ ቅነሳ አይሆንም።

ሁለተኛ፣ በቆላ ከተሞች የኪራይ ጥናቱ መብራትንና ውኃን ይጨምር። የበረሃ አበል የሚባለው ክፍያ የሙቀቱን ድካም ለማካካስ የታሰበ ነው፤ የማራገቢያውን ቆጣሪ ጭምር እንዲሸከም ከተደረገ ለድካሙ ምንም አይቀርም። በየግቢው ለየቤተሰቡ ቆጣሪ ማስገባት ደግሞ ከብዙ ብር አበል የሚበልጥ ጥቅም ሊሰጥ የሚችል ርምጃ ነው።

ሦስተኛ፣ ቤት ፈላጊው በትእዛዝ በሚመጣበትና ገበያው ጠባብ በሆነበት ቦታ ከገንዘብ ይልቅ ቤት ይቅደም። ምድር ባቡሩና የጥጥ እርሻዎቹ ከመቶና ከስድሳ ዓመት በፊት የተረዱት ይህንኑ ነበር። የሚሠራው ቤት ለአካባቢው አየር የተስማማ ይሁን፤ ወፍራም ግድግዳ፣ ከፍ ያለ ጣራ፣ ነፋስ የሚያሳልፍ መስኮት፣ ጥላ ያለው በረንዳ። በዚህ ረገድ የዓሪን ጥበብ ከሚያውቁ የአፋር እናቶች የምሕንድስና ተማሪዎቻችን የሚማሩት አለ።

አራተኛ፣ አበል በሚወሰንበት ጠረጴዛ ዙሪያ የአካባቢው ተከራይ ይታሰብ። በአንድ ከተማ ብዙ የመንግሥት ሠራተኛና የጸጥታ አባል ሲመደብ፣ ከአበሉ በጀት ጎን ለከተማው ዝቅተኛ ኪራይ ቤቶች የሚውል ድርሻ ሊኖር ይገባል። አለዚያ የአገር ደኅንነትን ወጪ የሎግያዋ ሻይ ሻጭ በኪራይዋ ትከፍላለች።

ውድ ተማሪዎቼ፤ በዚህ አዳራሽ ያላችሁት ብዙዎቻችሁ በቅርቡ የምድብ ደብዳቤ ትቀበላላችሁ። የመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ ለምትፈልጉ ደግሞ አንድ ሥራ ልጠቁም። በአንድ የቆላ ከተማ መቶ ግቢ ምረጡ፤ ኪራዩን፣ የክፍሉን ስፋት፣ በአንድ ቆጣሪ የሚጠቀሙትን ቤተሰቦች ቁጥር፣ የተከራዩን ሥራ መዝግቡ፤ በዓመቱ ተመልሳችሁ ያንኑ መቶ ግቢ ጠይቁ። ይህ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ እግርና ትዕግሥት ነው የሚጠይቀው። የአበል ሠንጠረዥ የሚያዘጋጅ ባለሙያ ዛሬ በእጁ ከሌሉት ነገሮች ዋነኛው ያ መዝገብ ነው።

ደመወዝ የሚለውን ቃል አባቶቻችን «ደም»ንና «ወዝ»ን አጣምረው ይፈቱታል። የታዘዘበት ሄዶ ደሙንና ወዙን ለሚሰጥ ሰው፣ ቤተሰቡ የሚያድርበትን ቤት በቦታው ልክ መመተር ልግስና አይደለም፤ የውሉ አካል ነው።